ድልድይ የሚታወቀው ከሆዱ ነው

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የአሮጌ ግንበኛ መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ልጄ ኒውዮርክ ናት። ሰሞኑን ሴንትራል ፓርክ የሚባል መናፈሻ ውስጥ የተነሳችውን ፎቶ ላከችልኝ። ከኋላዋ ኩሬ አለ። ኩሬው ላይ ጎበጥ ያለ የድንጋይ ድልድይ ይታያል፤ ሐረግ ወርዶበታል። ስሙ ጋፕስቶው ነው አለችኝ። ጎረቤቴ ፎቶውን አይታ «ቁርጥ የፋሲል ድልድይ!» አለች። ባለቤቴ ደግሞ «የፖርቹጋል ሥራ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ቡናው እስኪበርድ ተከራከሩ። ለመሆኑ ዕድሜው ስንት ነው? ማን ሠራው? እኛ አገር ያሉትስ የማን ናቸው?
ልጇ የናፈቀቻት እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። «አንቺ» ማለቴንም ለሽበቴ ብለሽ እለፊው።

ሁለቱም አልመቱትም። ጋፕስቶው ሲያዩት ሽማግሌ ይመስላል እንጂ ያን ያህል አላረጀም። የድንጋዩ ድልድይ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። የአድዋ ዓመት ማለት ነው። ምኒልክ «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ብለው ጦር በጠሩበት፣ የእኛው ራስ ሚካኤልም የወሎን ፈረሰኛ ይዘው በዘመቱበት ሰሞን፣ እዚያ ማዶ ያሉ ግንበኞች ይሄን ቅስት ይገጥሙ ነበር። ፋሲል ካረፉ ሁለት መቶ ዓመት አልፏቸዋል።

ቦታው ላይ መጀመሪያ የነበረው ድልድይ ድንጋይ አልነበረም። ጄኮብ ሬይ ሞልድ የሚባል አርክቴክት በ1874 የነደፈው፣ የብረት ጌጥ ያለው የእንጨት ድልድይ ነበር። ያምር ነበር ይባላል። ግን እንጨት ውሃ ላይ ምን ዕድሜ አለው? ሃያ ዓመት ሲያልፈው አረጀና ተነሳ። ከዚያ ሃዋርድ እና ካውድዌል የሚባሉ አርክቴክቶች ያሁኑን ነደፉ። አንድ ቅስት ብቻ ነው ያለው። ቅስቱ ከዳር እስከ ዳር 13 ሜትር ገደማ ይዘላል፤ ከፍታው ሦስት ሜትር ተኩል ግድም ነው። መላው ድልድይ 23 ሜትር ይሆናል። አንድ ረድፍ የጭነት መኪና ተደርድሮ ቢቆም ሁለትና ሦስቱን ነው የሚይዘው። ትልቅ ሥራ አይደለም። ልኩን ያወቀ ሥራ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ድንጋዩ ነው። ማንሃታን ሺስት ይባላል። ከሩቅ አልመጣም፤ ከተማዋ ራሷ የተቀመጠችበት አለት ነው። ፎቶውን ትንሽ አስፊውና ተመልከቺ። ግራጫ ነው፤ አልፎ አልፎ ቡናማ ይላል። ውስጡ ሚካ የሚባል ቅርፊት ቅርፊት ማዕድን ስላለው ፀሐይ ሲያገኘው ብልጭ ብልጭ ይላል። ልጅሽ ጠዋት ሄዳ እንድታየው ንገሪያት። ፊቱን አላለሰለሱትም። አበባም አንበሳም አልቀረጹበትም። ሻካራውን እንደ ሻካራ ትተው ገጠሙት። ያረጀ የሚያስመስለው አንዱ ይሄ ነው። ሌላው ሐረጉ ነው።

ማስመሰሉ ደግሞ ታስቦበት ነው። ፓርኩ ከላይ እስከ ታች የሰው እጅ ሥራ ነው። ኩሬው ሳይቀር ተቆፍሮ የተሞላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1857 የንድፍ ውድድር ወጣና 33 ንድፍ ቀረበ። ያሸነፉት ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድና ካልቨርት ቮክስ ናቸው። 341 ሄክታር መሬት ተፈጥሮ እንዲመስል አድርገው ሠሩት። ረግረጉን አፈሰሱ፣ አለቱን በባሩድ አፈረሱ፣ ዛፍ ተከሉ። በነገራችን ላይ «የልማት ተነሺ» የሚባለው ነገር በእኛ አልተጀመረም። ፓርኩ ሊሠራ ሲል ወደ 1600 የሚጠጋ ሰው ከቦታው ተነስቷል። ከነዚህ ውስጥ ሴኔካ የሚባል የጥቁሮች መንደር ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ያለው፣ ብዙ ሰው የገዛ መሬቱ ላይ የሠራው። በ1857 ፈረሰ። ፎቶው ላይ ይሄ አይታይም።

ድልድዮቹ ግን ለጌጥ ብቻ የተሠሩ እንዳይመስልሽ። ፓርኩ ውስጥ ከሠላሳ በላይ ድልድይና ቅስት አለ፤ አንዱ ሌላውን አይመስልም። ይሄን ሁሉ ምን ያደርጉታል? ኦልምስቴድና ቮክስ እግረኛውን፣ ባለፈረሱንና ባለሠረገላውን ለያዩ። ለየራሳቸው መንገድ ሰጧቸው። መንገድና መንገድ ሲገናኝ አንዱ በላይ፣ አንዱ በሥር ያልፋል። ከተማውን አቋርጦ የሚሄደውን ጋሪ ደግሞ አራት የተቆፈሩ መንገዶች ውስጥ አወረዱት፤ ሣሩ ላይ የተቀመጠው ሰው አያየውም። ደሴ ፒያሳ ላይ ባጃጁ፣ አይሱዙው፣ በግ የሚነዳው ገበሬና ተማሪው በአንድ መንገድ ሲጋፉ ባየሁ ቁጥር እነዚህ ሰዎች ትዝ ይሉኛል። ነገሩን መኪና ሳይፈጠር ነው ያሰቡት።

ወደ አገራችን ልምጣ። ጎረቤትሽ አይፈረድባትም። እኛ አገር ያረጀ የድንጋይ ድልድይ ሁሉ የፋሲል ነው። ፋሲል ሰባት ድልድይ አሠርተዋል ስለሚባል፣ የቀረውን ሁሉ ሰው ለእሳቸው ሰጣቸው። ለፋሲል ያልተሰጠ ደግሞ ለፖርቹጋል ተሰጠ።

የመጀመሪያው የሚባለው ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ ነው። የፋሲል ሳይሆን የአባታቸው ነው። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1626 አሠሩት። እዚህ ላይ ባለቤትሽ ትንሽ እውነት አለው። በዚያ ዘመን ፖርቹጋላዊው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ወደ አገራችን መጥቶ ነበር። ግንባታውን የመራው ባለሙያ ከእሱ ጋር ከህንድ የመጣ ሰው ነው። እንግዲህ የህንድ እጅ፣ የሱስንዮስ ትእዛዝ፣ የጎጃም ድንጋይ። ድልድዩን «የፖርቹጋል» ብለን ስንጠራው ሦስቱንም ረሳን።

ደብረ ሊባኖስ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለውም «የፖርቹጋል ድልድይ» ነው የሚባለው። አስጎብኚው ሁሉ እንደዚያ ይላል። ያሠሩት ግን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው። ጋፕስቶውና የራስ ዳርጌ ድልድይ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው ብል አልዋሸሁም። ፎቶውን ጎን ለጎን አድርጊና ለባለቤትሽ አሳዪው።

እኛ ጋ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ፣ መኪና የሚያልፍበት የድንጋይ ቅስት ካየሽ ግን መጀመሪያ ጣሊያንን ጠርጥሪ። ከአስመራ በደሴ አዲስ አበባ የሚገባውን መንገድ ጣሊያን በያዘን ጊዜ ነው የዘረጉት። በሀረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ የምንወጣበትም የእሱ ቁራጭ ነው። ጣርማበር ላይ ያለውን ዋሻ የሚያውቅ ሰው እጃቸውን ያውቀዋል።

እንዴት ይለያል ካልሽኝ፣ ስፋቱን እዪ። የጥንቱ ለበቅሎና ለእግረኛ ነው የተሠራው፤ ሁለት የተጫነ አህያ ሲተላለፍ ይጨናነቃል። የጣሊያኑ መኪና ታስቦ የተሠራ ነው። ቀጥሎ ወደ ሥሩ ውረጂና የቅስቱን ሆድ እዪ። ከላይ ሁሉም ድልድይ መንገድ ነው፤ የሚናገረው ሆዱ ነው። የጥንቱ ሆድ ላይ ድንጋዩ ትንሽ ትንሽ ነው፣ መጠኑ አንድ አይደለም፣ ኖራው ወፍራም ነው። የጣሊያኑ ሆድ ላይ ጥርብ ድንጋይ ረድፍ ይዞ ይሄዳል፤ መጋጠሚያው በገመድ የተለካ ነው። ሆዱ ለስላሳ ሲሚንቶ ሆኖ የጣውላ አሻራ ካየሽበት ደግሞ አርማታ ነው፤ ድንጋዩ ከጎን የተለጠፈ ልባጥ ነው።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከደሴ። የድንጋይ ድልድይ ውስጥ ፌሮ የለም። ታዲያ መሃል ላይ ያለው ድንጋይ ለምን አይወድቅም? «ቁልፉ ድንጋይ ነው ሁሉንም የያዘው» ሲባል ሰምቻለሁ። እሱን ቢያወጡት ይፈርሳል፣ ሌላውን ቢያወጡት ግን አይፈርስም ማለት ነው?

መልስ፦ ጎበዝ! ይሄን ጥያቄ የሚጠይቅ ረዳት ባገኝ ኖሮ ጡረታ አልወጣም ነበር።

ቁልፉ ድንጋይ ስም አወጣ እንጂ ከጎረቤቶቹ የተለየ ሥራ የለውም። ከቅስቱ የትኛውንም ድንጋይ ብታወጣ ይፈርሳል። ቁልፍ የተባለው መጨረሻ ላይ ስለሚገባ ነው። እሱ እስኪገባ ድረስ ድንጋዮቹ እርስ በርስ አልተያያዙም፤ ሁሉንም ተሸክሞ የቆየው ከሥር ያለው የእንጨት ቅስት ነው።

ድንጋይ ሲጫኑት ጀግና ነው፤ ሲስቡት ግን ወዲያው ይሰነጠቃል። ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ ሁለት ጫፉን አስደግፈህ መሃሉ ላይ ብትቆም፣ ሥሩ ይሳባል፣ ከዚያ ቀጭ ይላል። ለዚህ ነው አርማታ ውስጥ ፌሮ የምንከተው፤ ፌሮው መሳቡን ይችላል። ቅስት ግን ተንኮለኛ ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ ከላይ ሰፋ፣ ከሥር ጠበብ ተደርጎ ይጠረባል። ወደ ታች መውረድ ሲፈልግ ጎረቤቶቹ ይጠቡበታል። ስለዚህ ክብደቱን ወደ ጎን ይገፋል፣ ያኛውም ወደሚቀጥለው ይገፋል፣ እንዲህ እያለ መሬት ይደርሳል። መሳብ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም መጫን ነው።

ቤትህ ሞክረው። የእናትህን የአንገት ሀብል አስፈቅደህ ውሰድ። ሁለቱን ጫፍ ያዝና አንጠልጥለው። የሠራው ቅርፅ መሳብ ብቻ ያለበት ቅርፅ ነው። ያንኑ ገልብጠው ብታስበው መጫን ብቻ ያለበት ቅርፅ ይሆናል። ሮበርት ሁክ የሚባል እንግሊዛዊ ይሄን እ.ኤ.አ. በ1675 በፊደል እንቆቅልሽ ደብቆ አሳተመው፤ ፊዚክስ ላይ የስፕሪንጉን ሕግ የምትማርለት ሰውዬ ነው። የቅስቱ ውፍረት ውስጥ ያ የተገለበጠ ሀብል የሚያልፍበት ቦታ ካለ ድልድዩ ይቆማል። ከድንጋዩ ውጭ ከወጣ ይከፈታል።

አሁን ዋናው ነገር። መሬት የደረሰው ግፊት ወደ ታች ብቻ አይደለም፤ ወደ ጎንም ነው። ቅስቱ በተዘረጋ ቁጥር ወደ ጎን የሚገፋው ይብሳል። ስለዚህ የድልድይ ጥንካሬ ያለው መሃል ላይ ሳይሆን ዳርና ዳር ባሉት ግንቦች ላይ ነው። እነሱ አንድ ጣት ቢሸሹ መሃሉ ይሰነጠቃል። ሰው ሁሉ ሽቅብ ቁልፉን ያያል፤ እኔ ድልድይ ስመረምር መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው፣ ጎርፉ ሥሩን በልቶት እንደሆነ። ቦርከና ክረምት ላይ ሲሞላ ምን እንደሚያደርግ ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ይነግርሃል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ላሊበላ ሄደህ ውቅሮቹ ውስጥ ያለውን ቅስት ስታይ በዚህ ሕግ እንዳትፈርደው። እሱ አልተገጠመም፤ ከአንድ አለት ነው የተፈለፈለው። መጋጠሚያ የለውም፣ ቁልፍ ድንጋይ የለውም። ጠራቢዎቹ ቅርፁን ስለወደዱት እንጂ ለመቆም ስለቸገራቸው አልሠሩትም። እዚያ የሚያስገርመው ሌላ ነው፤ ተሳስቶ አንድ ድንጋይ መቀየር አይቻልም።

ጥያቄ፦ አያቴ የድሮ ድልድይ በእንቁላል ነው የተገነባው ትላለች። እውነት ነው ወይስ ወሬ? ከደሴ

መልስ፦ የደብረ ሊባኖሱ በሰጎን እንቁላል ነው ሲባል እኔም ከልጅነቴ እሰማለሁ። ድልድይ ለመሙላት የሚበቃ ሰጎን ከየት እንደሚመጣ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ሥራውን የሠራው ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ይቃጠላል፣ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ከአሸዋ ጋር ይቦካል። ግንብ ውስጥ ከገባ በኋላ ከአየር እየሳበ ቀስ በቀስ መልሶ ድንጋይ ይሆናል። ዓመት ይፈጅበታል፤ ለዚህ ነው የቸኮለ ሰው ሲሚንቶ የሚወደው። የሚበላ ነገር መቀላቀሉ ግን ተረት ብቻ አይደለም። ቻይኖች የሚያጣብቅ ሩዝ ቀቅለው ከኖራ ጋር ያቦኩ ነበር፤ ግንቦቻቸው ዛሬም ቆመዋል። ስለዚህ አያትህን «ዋሸሽ» አትበላት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴ ውስጥ የአትክልት ካፌ ልከፍት ነው። ግቢው መሃል የጎርፍ ቦይ ያልፋል። ሰው ፎቶ የሚነሳበት ትንሽ የድንጋይ ድልድይ አማረኝ፤ ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ኮንትራክተሩ «አርማታ እንሙላና ድንጋይ እንለጥፍበት፣ ማን ያውቃል» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ማን ያውቃል? እኔ አውቃለሁ! ከቦዩ ውስጥ ቀና ብሎ ያየ ሁሉ ያውቃል።

አርማታ አልቃወምም። ዕድሜ ልኬን ሞልቻለሁ። አርማታ ከሞላህ አርማታ ይሁን፤ ቀለም ቀባውና ተወው። የማልወደው ሦስት ጣት የማይሞላ ልባጥ ለጥፎ መሃሉ ላይ የውሸት ቁልፍ ድንጋይ መሳልን ነው። ከሁለት ክረምት በኋላ ልባጡ ይነሳል፣ ያኔ ሥሩ ያለው ሲሚንቶ ይስቅብሃል። ሦስት ሜትር እውነተኛ ቅስት ደግሞ ለደህና ግንበኛ ከባድ አይደለም።

እሺ ካልከኝ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ መሬቱን አስቆፍር። ደሴ መሬቷ ተንሸራታች ነው፤ ጦሳ ተራራ ሥር ላለ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም። ዳርና ዳር ያለው መሠረት አለት ወይም ጠንካራ መሬት እስኪያገኝ ይውረድ። መረሬ አፈር ላይ ቅስት አይተከልም፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ እግሩም አብሮ ይሄዳል። እዚህ ላይ መሐንዲስ ጥራ፣ ከማዘጋጃ ቤቱም ፈቃድ አውጣ፤ ሰው የሚወጣበት ነገር ነው። ገንዘብህን መሠረቱ ላይ ጨርስ፤ ከላይ ያለው ርካሽ ነው።

ድንጋዩ ከየትም አይምጣ፤ የእኛው ጥቁር ድንጋይ ይበቃል። ውሃ አይጠጣም፣ ውርጭ አይፈራም። ሲራገፍልህ ከመኪናው አጠገብ ቁም። እያንዳንዱን በመዶሻ ኳ አድርገው። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው። ድምፁ ድፍን ካለ ውስጡ ስንጥቅ አለ፤ ወደ ጎን ጣለው፣ ለመሙያ ይሆናል። ሹፌሩ ይቆጣል። ይቆጣ።

ለሦስት ሜትር ስፋት የቅስቱ ከፍታ ወደ አንድ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ዝቅ ካደረግኸው ወደ ጎን ይገፋሃል። የድንጋዩ ውፍረት ሠላሳ ሳንቲም ይሁን። ከሥሩ የእንጨት ቅስት በአጠናና በጣውላ ይሠራል። አጠናው መሬት አይርገጥ፤ በሽብልቅ ላይ ይቁም። ሽብልቁ ለምን እንደሆነ ቆይተህ ታየዋለህ። ግንበኛው ከሁለቱ ዳር እኩል እኩል ይውጣ። «የግራውን ልጨርስና» ካለህ አስቁመው፤ እንጨቱን ወደ አንድ ጎን ያንጋድደዋል። መጋጠሚያው ኖራና ሲሚንቶ የተቀላቀለ ቢሆን እመርጣለሁ። ሲሚንቶ ብቻውን ግትር ነው። መጋጠሚያው ሁሉ ወደ ክቡ መሃል ማመልከት አለበት፤ አንድ ሚስማር መሃሉ ላይ ምቱና ሲባጎ አስራችሁ እየዞራችሁ ለኩ። ሲባጎውን የማያስር ግንበኛ ከሆነ ሌላ ፈልግ።

ከላይ ስትሞላው አፈር አታስገባ። ጠጠርና ገረጋንቲ ይሁን። ውሃ የሚወጣበት ቱቦ በሁለቱም በኩል ይተው። ድልድይን ከሰው ክብደት ይልቅ ውስጡ የተኛ ውሃ ነው የሚገድለው፤ ያብጥና የጎን ግንቡን ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ቢያንስ አንድ ወር እርጥብ ጆንያ አልብሰህ አቆየው። ከዚያ ሽብልቆቹን ትንሽ ትንሽ፣ ከሁሉም በኩል በእኩል እያስለቀቅህ አውጣ። በአንድ ቀን አታፍርሰው። ያኔ ቅስቱ በጣም ጥቂት፣ በዓይን የማይታይ ያህል ወረድ ይላል፤ ቀጭ የሚል ድምፅም ልትሰማ ትችላለህ። አትደንግጥ፤ ድንጋዮቹ ቦታ ሲይዙ ነው። ስንጥቅ ካየህ ግን ሽብልቁን መልሰህ ምታና መሐንዲሱን ጥራ።

ሂሳቡን ስታስገምት የእንጨቱን ዋጋ ከድንጋዩ ለይተህ አጽፍ። ኮንትራክተሮች እዚያ ላይ ነው የሚደርቡት። አጠናና ጣውላው ያንተ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ለካፌው ጣሪያ ይሆንሃል።